ትንሹን ዝሆን በኽምጣና ንገሩልን

ፊሳልጎስ የሚባለው መጽሐፍ ከግሪክ ወደ ግዕዝ የተመለሰው በአክሱም ዘመን ነው። የእንስሳትን ጠባይ ይተርካል፤ ከትረካው በኋላ መንፈሳዊ ትርጓሜውን ያመጣል። ከታሪኮቹ ሁሉ አብልጬ የምወደው የዝሆኑን ነው። ዝሆን ጉልበቱን ማጠፍ ስለማይችል ከወደቀ መነሣት አይሆንለትም፤ ይጮኻል። አንድ ትልቅ ዝሆን ደርሶ ይሞክራል፣ ያቅተዋል። ሁለቱ አብረው ሲጮኹ ዐሥራ ሁለት ይመጣሉ፤ እነርሱም ያቅታቸዋል። ኋላ አንድ ትንሽ ዝሆን መጥቶ ኩምቢውን ከወደቀው ሥር ያስገባና ያነሣዋል።

ዝሆን ጉልበቱን እንደሚያጥፍ ዛሬ እናውቃለን፤ ልጅ ያንን በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ይማረዋል። ታሪኩ ግን ሌላ ነገር ያስተምረዋል፤ የወደቀን ለማንሣት ትልቅ እስኪሆን መጠበቅ እንደሌለበት።

ይህ ነገር ዋግ ኽምራ ላይ ይከብዳል። ሰቆጣ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ቤተሰቦችን ያስጠጋች ከተማ ናት። ልጆቿ ሰው ሲወድቅ በዓይናቸው አይተዋል። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. በስሟ የተጠራው ቃል ኪዳን፣ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት የተገባ የአገር ቃል ነው። ስለ ልጆች አካል ይህን ያህል ከተባለ፣ ስለ ጠባያቸውም በዚያው ክብደት ልንነጋገር ይገባል።

ግብረ ገብ ወደ አንደኛ ደረጃ መመለሱ ደግ ነው። ግን ትምህርቱ «ታማኝነት ማለት…» እያሉ ትርጉም ማስጠናት ከሆነ፣ ልጁ መልሱን ከጎኑ ካለው ገልብጦም ሙሉ ማርክ ያገኛል። ትንሽ ልጅ ጠባይን የሚይዘው ከሚወደው ሰው አፍ በሚሰማው ታሪክ ነው ብዬ አምናለሁ።

የኔታ ዘንድ የሚቀመጠውን ልጅ ሳስብ ደግሞ ሌላ ነገር ያሳዝነኛል። ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ትዕግሥትንና መታዘዝን ይማራል፤ ይህን የሚያህል ሥልጠና በሌላ ቦታ አላየሁም። ምሥጢሩን የሚያገኘው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ትርጓሜ ቤት ከደረሰ ነው። እናቱ በአካባቢው ቋንቋ በኽምጣና ያሳደገችው ልጅ ግዕዙን በአማርኛ ሲያብራሩለት ይሰማል፤ በሦስተኛ ቋንቋ መሆኑ ነው። የቤቱ ቋንቋ በትምህርት ቤት መማሪያ ከሆነ ቆይቷል። ታዲያ የገዛ አገሩ የጥንት መጻሕፍት ለምን በዚያ ቋንቋ አይነገሩትም? በፊሳልጎስ ለክረምት ያስቀመጠችው እህል እንዳይበቅልባት ለሁለት የምትከፍለውን ጉንዳን፣ ጎተራ እያየ የሚያድግ የዋግ ልጅ ወዲያው ያውቃታል። መጽሐፈ ፈላስፋ በሚባለው የግዕዝ መጽሐፍ ውስጥም ለልጅ የሚሆን ምክር ሞልቷል። መንፈሳዊ ትርጓሜው ለቤተ ክርስቲያን ይቆይ፤ ትረካው ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ልጅ ይሆናል።

የዞኑ ትምህርት መምሪያ የኽምጣና መምህራንንና ግዕዝ አዋቂ የኔታዎችን አንድ ላይ ያስቀምጥልን። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል የሚነገሩ ዐሥር ታሪኮች ይምረጡ፤ በኽምጣና ይጻፉ፤ ለፈተና ግን አይቅረቡ። የሰቆጣ እናቶችና አባቶች፣ እናንተ መምሪያውን አትጠብቁ፤ የዝሆኑን ታሪክ ዛሬ ማታ ጀምሩላቸው።