በቆሎ በታኅሣሥ

የምግብ ዋጋ በጨመረ ቁጥር አንድ ምክር ተደጋግሞ ይሰማል፤ «ገበያ አማርጣችሁ ሸምቱ» የሚል። የእሁድ ገበያ ውጡ፣ ከሸማቾች ማኅበር ግዙ፣ ከአምራቹ እጅ በቀጥታ ውሰዱ፣ ዋጋ ሳታነጻጽሩ ብር አታውጡ ይባላል። ምክሩ ደመወዙ በየወሩ ለሚገባለት፣ ባጃጅ ከደጁ ለሚያገኝ የዲላ ከተማ ሰው ጥቂት ይጠቅመው ይሆናል። አሪቻ ላይ ግን አይሠራም። አለመሥራቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩ ነበር። የሚያስቆጣኝ ጥፋቱን አዙሮ የሸማቿ ማድረጉ ነው። «ኑሮ የከበደሽ መሸመት ስለማታውቂበት ነው» እንደማለት ነው፤ ይህን ለጌዴኦ እናት መንገር ደግሞ ነውር ነው። ሽንኩርቱን መደብ በመደብ አገላብጣ፣ ጎመኑን በእጇ መዝና፣ ምርቃት ሳታስጨምር ከጉሊት የማትነሳ ሴት ስለ ዋጋ ከማንም ትምህርት አትፈልግም።

አሪቻን የቡና ሰው ሁሉ ያውቃታል። በጌዴኦ ዞን በይርጋጨፌ ወረዳ ያለች ትንሽ ቀበሌ ናት፤ ስሟ ግን አውሮፓና አሜሪካ ባሉ ቡና ቆዪዎች ከረጢት ላይ ታትሞ ይሸጣል። ያንን ቡና የሚጠጣው ሰው በሐምሌ የአሪቻ ድስት ውስጥ ምን እንደሚገባ አያውቅም። በቆሎ ነው፤ ጣሳ በጣሳ የተገዛ በቆሎ፣ ካለ ከቆጮና ከጎመን ጋር።

እስቲ የምክሩን ሒሳብ እንቁጠረው። ይርጋጨፌ ከተማ ላይ በቆሎ በኪሎ 5 ብር ረከሰ እንበል። እናትየዋ 6 ኪሎ ብትገዛ የምታተርፈው 30 ብር ነው። በሞተር ደርሶ መልስ ብትሄድ 30 ብሩ መንገድ ላይ ያልቃል፤ ከኪሷም ይጨመርበታል። በእግሯ ብትሄድ ግማሽ ቀኗን ትከፍላለች፤ የእሷ ግማሽ ቀን ግን በማንም የዋጋ ሰንጠረዥ ላይ ተጽፎ አያውቅም። ዲላማ በሞያሌው አስፋልት ከይርጋጨፌ ወደ ሰሜን ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የእሁድ ገበያውስ? ከአዲስ አበባ ተነስቶ በየክልሉ ከተማ የተስፋፋው ይህ ገበያ የተቀረጸው ስድስት ቀን ሠርቶ በሰባተኛው ዕረፍት ለሚያገኝ የከተማ ሰው ነው። በጌዴኦ እሁድ ጠዋት አብዛኛው ሰው ጸሎት ቤት ነው ያለው።

ደግሞስ ስድስት ኪሎ የሚገዛና አንድ ኩንታል የሚገዛ ሰው መቼ አንድ ዋጋ ከፍለው ያውቃሉ? ኩንታሉን የገዛው ነጋዴ ጣሳ በጣሳ ሲቸረችር በየጣሳው ላይ የመኪናውን፣ የመጋዘኑን፣ በነቀዝ የሚጎድልበትን፣ በዱቤ ወስዶ የሚጠፋበትንም ይጨምራል። ሌባ ስለሆነ አይደለም። ችርቻሮ እንዲህ ነው የሚኖረው። ስለዚህ ከድሃ ላይ ብዙ ገንዘብ የሚወስደው መለኪያው ነው። ሱቅ ብትቀይር፣ መንደር ብትቀይር፣ ጣሳዋን ይዛ እስከሄደች ድረስ የትም ርካሽ አታገኝም።

ከመለኪያው የሚብሰው ወሩ ነው። ዋናው ጉዳይ ይህ ስለሆነ ቆም ብዬ ላስረዳ።

በይርጋጨፌ ዙሪያ እሸት ቡና የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። በእነዚህ ወራት የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎቹ ሌት ተቀን ይሠራሉ፤ በዓመት አንዴ ገንዘብ ወደ መንደር የሚገባው ያኔ ነው። በዚሁ ጊዜ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ የአገሪቱ አብዛኛው በቆሎ ከማሳ ይነሳል፤ ዋጋውም ከዓመቱ ሁሉ ዝቅ ይላል። እግዜር ሁለቱን ወቅቶች አጋጥሞ ሰጥቶናል፤ ብር ያለበት ወርና እህል የሚረክስበት ወር አንድ ናቸው። እኛ ግን በቆሎውን የምንገዛው በግንቦት፣ በሰኔ፣ በሐምሌ ነው፤ ብሩ ሲያልቅና እህሉ ሲወደድ። በታኅሣሥ በኩንታል ልንገዛው የምንችለውን በሐምሌ በጣሳ እንገዛለን። ይህን ልዩነት የትኛውም ብልህ ሸማች በየትኛውም ገበያ ተከራክሮ አይመልሰውም።

ታዲያ ገበሬው ለምን በታኅሣሥ አይገዛም? «ቁጠባ አያውቅም» የሚሉ አሉ። ይህን የሚሉት የቡና ብር በማን እጅ እንደሚያልፍ ተከትለው ያላዩ ናቸው። ብሩ ገና ሳይመጣ ባለቤት አለው። ቡናው ገና ሳይቀላ በክረምቱ የተወሰደ ብድር ይጠብቀዋል፤ አንዳንዱ አራጣ ነው፣ አንዳንዱ ከራሱ ከቡና ሰብሳቢው የተወሰደ ነው። በሐምሌ ለበቆሎ የተበደረ ሰው በኅዳር እሸቱን ለአበዳሪው በአበዳሪው ዋጋ ያስረክባል። ከዚያ የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም ዕዳ፣ የሕክምና ዕዳ፣ የሚያፈስ ቆርቆሮ አለ። ሠርጉም በዚሁ ወቅት ነው። በሠርግ ላይ የሚወጣውን ወጪ እኔም እወቅሳለሁ፤ ሽማግሌዎቻችን በሶንጎ፣ በጌዴኦ የሽማግሌዎች ሸንጎ፣ ተቀምጠው ብዙ ከባድ ነገር ፈትተዋልና ይህንንም ልክ ቢያበጁለት ደስ ይለኛል። ሆኖም ጠቅላላ ችግሩን በሠርግ ማሳበብ ቀላሉን መንገድ መምረጥ ነው። በሐምሌ የተራበ ቤት በታኅሣሥ ይከፍላል፣ በታኅሣሥ የከፈለ ቤት በሐምሌ ይራባል። አዙሪቱ ይህ ነው።

ከምክሩ ጎን የሚሄድ ሌላም ልማድ አለ፤ «ስግብግብ ነጋዴ» ብሎ ሱቅ ማሸግ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያኔም መልሱ ማስጠንቀቂያና ማሸግ ሆነ። ከዚያ በፊት በ2003 ዓ.ም. መንግሥት በዘይት፣ በስኳር፣ በሥጋ፣ በዳቦና በሌሎችም ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ አውጥቶ ነበር። ሸቀጡ ከመደርደሪያ ጠፋ፤ አብዛኛው ጣሪያ በዚያው ዓመት ተነሳ። በ2014 ዓ.ም. የምግብ ዋጋ ንረት ከ40 በመቶ በላይ ሲደርስም ነጋዴው ተወገዘ። እህል ደብቆ የሚያስወድድ ነጋዴ የለም አልልም፤ አለ፣ ሊጠየቅም ይገባል። ነገር ግን ነጋዴው በታኅሣሥ ገዝቶ በሐምሌ የሚሸጠው ሌላ ማንም በታኅሣሥ ስላልገዛ ነው። ያንን ቦታ ባዶ ትተን እሱን ብቻ ማውገዝ እህል አይሆንም።

«ቡና ተወዷል፤ እናንተ ምን ጎደላችሁ?» የሚል ደግሞ ከከተማ ይሰማል። እውነት ነው፤ በየካቲት 2017 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ገበያ አንድ ፓውንድ አረቢካ ከ4 ዶላር በላይ ተሸጧል፤ እሸቱም ዋጋ ጨምሯል። ግን አብዛኛው የጌዴኦ ቤተሰብ ያለው መሬት አንድ ሄክታር አይሞላም፤ ከጥቂት እግር ቡና የሚገኝ ጭማሪ በዘይት፣ በሳሙና፣ በቆርቆሮና በመኪና ጭማሪ ተመልሶ ይሄዳል። ዓመቱን ሙሉ ገዝቶ የሚበላ ሰው የቡናው መወደድ ብቻውን አያድነውም። እንዲያውም አንድ አደጋ ያመጣል፤ ቡና ሲወደድ እንሰቱን ነቅሎ ቡና መትከል ያምራል።

እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። ጌዴኦ ቡናውን በእንሰት ጥላ ሥር የተከለው እርሻን ስለማያውቅ አልነበረም። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው እንሰቱ፣ ቡናውና ትልልቁ ዛፍ በአንድ ማሳ አብረው ስለሚኖሩበት ነው። ቅርስነቱ ለጎብኚ ደስ ይላል፤ ለእናት ግን እንሰት ማለት ከቤቷ ጀርባ ያለ፣ ትራንስፖርት የማይጠይቅ፣ ደላላ የማያውቀው መደብር ነው። ቆጮው ጉድጓድ ውስጥ ወራትን ይቆያል፤ ነቀዝ አይነካውም። ክፉ ቀን ሲመጣ ይቆረጣል። ችግሩ አንድ እንሰት እስኪደርስ ዓመታት መውሰዱ ነው፤ ዛሬ የነቀለ ሰው ዋጋ ተወደደ ብሎ ነገ መልሶ ሊያገኘው አይችልም። የእንሰት አጠውልግ በሽታ የገባበት ማሳ ደግሞ ጉዳቱ ድርብ ነው። በ2000 ዓ.ም. ደቡቡ «አረንጓዴ ረሃብ» የተባለውን አይቷል፤ ምድሩ ለምልሞ ሕፃናት በምግብ እጥረት ሆስፒታል የሞሉበት ዓመት ነበር። የዓለም የእህል ዋጋም ያኔ ሰማይ ነክቶ ነበር። ልምላሜ ያለው ሁሉ የሚበላ አለው ብሎ ማሰብ ያኔ ብዙ ሕይወት አስከፍሏል።

«ታዲያ ምን ይደረግ?» ላላችሁኝ፣ የምጠይቀው አዲስ ገበያ አይደለም። የቡና ማኅበራት አሉን። የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። የማኅበራቱ ሥራ ግን በአብዛኛው ቡናው ላይ ቀርቷል። ቡና የሚረከበው መሠረታዊ ማኅበር በታኅሣሥ በመኪና ሙሉ በቆሎ አስመጥቶ አባሉ ከቡናው ሒሳብ ላይ በኩንታል እንዲወስድ ቢያደርግ ጣሳውን ከነዋጋው እናስወግደው ነበር። ቡና ጭኖ የሚወርደው መኪና ሲመለስ ለምን በቆሎ ይዞ አይመጣም? «እህል ይነቅዛል» ለሚል መልሱ ገበያ ላይ አለ፤ ፒክስ የሚባለው ሦስት ድርብ ከረጢት አየር ስለማያስገባ ነቀዙ ታፍኖ ይሞታል፣ አንድ ኩንታል ይይዛል። ማኅበር በሌለበት እድር አለ። ለለቅሶ ገንዘብ የሚሰበስብ እድር ለበቆሎ የማይሰበስብበት ምክንያት አይታየኝም።

ከሁሉም በላይ ግን የክፍፍሉ ነገር አለ። ማኅበራት ቡናውን ሸጠው ከትርፉ ለአባላት ድርሻ ይመልሳሉ። ስለ ድርሻው መጠን ሁልጊዜ ይወራል፤ ስለሚደርስበት ወር ግን ማንም አይናገርም። ግንቦት ላይ የደረሰ አንድ ሺህ ብር አንድን ቤት ከአራጣ ያወጣል። ያው አንድ ሺህ ብር በኅዳር፣ ሁሉ ሰው ብር ባለው ጊዜ ቢመጣ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ያልቃል። ወሩን ማስተካከል ከውጭ ገዢ ፈቃድ አይጠይቅም፣ ከመንግሥት በጀት አይፈልግም። በጉባኤ የሚወሰን ነገር ነው።

የአሪቻ፣ የወናጎ፣ የኮቸሬ፣ የገደብ የማኅበር አባላት ሆይ፤ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ የቡናው ዋጋ ከተነገራችሁ በኋላ እጃችሁን አውጡና ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። በዚህ ታኅሣሥ ማኅበራችን ስንት ኩንታል በቆሎ ያስመጣል? ክፍፍላችንስ በስንተኛው ወር ይደርሰናል? መልሱም በቃለ ጉባኤው ላይ እንዲጻፍ አድርጉ።