እማማን ማን ይጠብቅ፣ ካሜራ ወይስ የሻይ ውሃ?

ስማርት ሆም ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን በድምፅ የሚታዘዝ አምፖልና በስልክ የሚከፈት በር ነው። ብቻቸውን ለሚኖሩ አዛውንቶች የሚሠራው ግን ሌላ ነገር ነው። ጃፓንን እንይ።

በፈረንጆቹ 1996 ቶኪዮ፣ ኢኬቡኩሮ ውስጥ አንዲት አዛውንት እናትና በሽተኛ ልጃቸው ቤታቸው ሞተው ተገኙ። እስኪገኙ አንድ ወር ገደማ አልፎ ነበር። ይህ ዜና መነሻ ሆኖ ዞጂሩሺ የተባለው የቤት ዕቃ አምራች በ2001 አይ-ፖት የሚባል የውሃ ማፍያ አወጣ። እናት ለሻይ ውሃ በቀዱ ቁጥር ማፍያው በውስጡ ባለው ሬዲዮ መረጃውን ይልካል፤ ልጅ በየቀኑ በኢሜይል ያየዋል። እሳቸው ስልክ አይነኩ፣ ቤታቸው ኢንተርኔት ባይኖርም ችግር የለም። ሻያቸውን ይጠጣሉ፣ በቃ! ካሜራም የለም። ልጅ "ደህና ናቸው" የሚለውን ያውቃል እንጂ በምን ልብስ እንደተቀመጡ አያይም።

እኛ ጋ ደግሞ ውጭ ያሉ ልጆች ሳሎን ውስጥ ካሜራ ማስገጠም እየለመዱ ነው። ሐሳቡ ፍቅር ነው፣ አንክድም። ግን እማማን ጠይቀናቸዋል ወይ? መብራት በጠፋ ቁጥርስ ዋሽንግተን ያለው ልጅ ምን ሊሆን ነው?

ነገሩ ማፍያውም ብቻውን ተአምር አይሠራም። በ2024 የመጀመሪያ 6 ወራት ጃፓን ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ 37,227 ሰዎች ቤታቸው ሞተው እንደተገኙ ፖሊስ አስታውቋል፤ ወደ 4,000 የሚጠጉት የተገኙት ከወር በላይ ቆይተው ነው። ማፍያው የሚጠቅመው ኢሜይሉን የሚያነብ ሰው ላለው ነው።

ሰፈራችን ውስጥ ይህን ሥራ ሲሠራ የኖረው ጎረቤት ነው። የቡናው ጭስ ካልታየ "ምነው ዛሬ?" ብሎ በር የሚያንኳኳ። ከፒያሳና ከካዛንቺስ በልማት ተነስተው ኮንዶሚኒየም የገቡ አዛውንቶች ያጡት እሱን ነው። ከላይ ያለው ፎቅ ላይ ማን እንደሚኖር እንኳን ላያውቁ ይችላሉ።

ስለዚህ ካሜራ ልታስገጥሙ ያሰባችሁ፣ መጀመሪያ የቅርብ ጎረቤታቸውን ስልክ ቁጥር ያዙ፤ ትርፍ ቁልፍም እሷ ጋ ይቀመጥ። ማስጠንቀቂያው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ቢጮህ በሩን የምትከፍተው እሷ ናት።