ሞተረኛውን በቀትር ቆላ የምናወርደው እኛው ነን



በዚህ ሰሌዳ ላይ ብዙውን ጊዜ የምጽፈው የመዋጮ፣ የስብሰባና የቀብር ጉዳይ ነው። ዛሬ ግን ስለ ሞተር ሳይክልና ስለ ፀሐይ የምለው አለኝ። ነገሩ ከማኅበሩ ሥራ ውጭ የሚመስለው ሰው ቢኖር እስከ መጨረሻው ያንብበውና ከዚያ ወዲያ ይፍረድ።

በ2017 ዓ.ም. መጋቢት ወር መጀመሪያ ላይ ከአባሎቻችን አንድ አዛውንት አረፉ። ዘመዶቻቸው እኩሌቶቹ ወደ ዓባይ በሚወርደው በኩል ቆላ ይኖራሉ። በስልክ ተሞከረ፣ አልተገኙም። መርዶ ነጋሪ መላክ የማኅበሩ ግዴታ ስለሆነ እኔው ራሴ ሞተር ያለውን የመንደራችንን ልጅ አስጠርቼ፣ ከማኅበሩ ገንዘብ የቤንዚኑን ሰጥቼ፣ «ቶሎ ብለህ አድርስና ተመለስ» አልሁት። ሰዓቱ 6 ሆኗል። ልጁ ቀና ብሎ ሰማዩን አየና «አያ፣ ትንሽ በረድ ቢልልኝ» አለኝ። እኔም «ቀብር እኮ ነው፣ ሬሳ ይጠብቃል እንዴ?» ብዬ አስቸኮልሁት። ትልቅ ሰው አክብሮ ዝም አለና ሞተሩን አስነሣ። ጾመኛ ነበር። የየትኛው ሃይማኖት ጾም እንደሆነ መጻፍ አያስፈልግም፤ ያን ሰሞን ዐቢይ ጾምና ረመዳን ባንድ ላይ ገብተው መንደሩ በሙሉ ጾመኛ ነበር ማለት ይቻላል።

ልጁ መልእክቱን አድርሷል። የሆነውን ነገር በኋላ ከራሱ አፍ ሰምቻለሁ። ሲወርድ ሙቀቱ ሲበረታበት ጃኬቱን አውልቆ ወገቡ ላይ አሰረና በካናቴራ ሆነ። ነፋሱ ደስ አለው፤ ላብ የሚባል አላየሁም ይላል። ዳገቱን ይዞ ሲመለስ ራሱን ይፈልጠው ጀመር። ቀጥሎ አፉ እንጨት ሆነ። ከዚያ በዚያ ሁሉ ሐሩር መካከል ብርድ ብርድ አለውና የገላው ፀጉር ቆመ። «ወባ ተነሣብኝ ብዬ ነበር» አለኝ። ከዚህ ወዲያ ያለውን አያስታውስም። ሞተሩ መታጠፊያው ላይ ከመንገዱ ወጥቶ ቦይ ገባ። በአንደኛ ማርሽ ይወጣ ስለነበረ ፍጥነት አልነበረውም፤ ክንዱ ብቻ ተሰበረ። ውሃ ቀድተው የሚመለሱ ሴቶች ደርሰው ከጀሪካናቸው አፈሰሱበት፣ ጎትተው ጥላ አስገቡት፣ በነጠላቸው አራገቡለት። በኋላ ጤና ጣቢያ ሲደርስ ያዳነህ ያ ውሃ ነው ተባለ። እነዚያን ሴቶች እስከ ዛሬ ማን እንደሆኑ አላወቅናቸውም፤ ፈጣሪ ይክፈላቸው።

ቀብሩ ተፈጸመ። ማታ መዝገቡ ላይ «ለመርዶ ነጋሪ የቤንዚን» ብዬ ወጪውን ስጽፍ እጄ ከበደኝ። እስካሁን ዝም ያልሁትም ስላፈርሁ ነው።

በመንደሩ ግን የተወቀሰው ልጁ ነው። «የዛሬ ልጆች ሲበሩ ነው የሚወድቁት» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሐሰት ነው። አልበረረም፣ አልጠጣም፣ ሰውም ደርቦ አልጫነም። ፀሐይ መታው፣ ይኸው ነው።

እኛ ደገኞች ሙቀትን የምንለካው በደጃፋችን ነው። መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት። ወደ ጉንደወይን የሚያሻግረውን መንገድ ይዞ የወረደ ሰው እንደሚያውቀው ዓባይ ከእኛ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ነው የሚሄደው። ሰው 100 ሜትር በወረደ ቁጥር አየሩ ከግማሽ ዲግሪ ትንሽ በለጥ እያለ ይሞቃል። 1,500 ሜትር ቢወርድ ወደ 10 ዲግሪ ይጠጋል ማለት ነው። እንግዲህ በእኛ ሰፈር 25 ዲግሪ ሆኖ ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው ነጠላ በሚደርብበት ሰዓት ታች 35 ሆኗል። እግረኛ ይህን ቁልቁል ሲወርድ ቀኑን ይፈጅበታል፣ ዛፍ ባገኘ ቁጥርም ያርፋል። ሞተረኛ ግን የበላው ቁርስ ሳይፈጭለት ከደጋ በረሃ ይገባል።

ሌላው ስሕተታችን የነፋስ ነገር ነው። ወደ አቀስታና ወደ ጉጉፍቱ የሚወጣ ሞተረኛ ካፖርት ደርቦ፣ አፍንጫውን በሻሽ ጠቅልሎ ነው የሚሄደው፤ ያም ሆኖ ጣቱ ይደነዝዛል። ያንን ስለለመድን ነፋስ ሁሉ ያበርዳል ብለን እናምናለን። የሰው ቆዳ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ገደማ ነው። አየሩ ከዚያ ካለፈ ነፋሱ ሙቀት ይጨምርብናል እንጂ አይቀንስልንም፤ እሳት ስናናፋ ፊታችንን እንደሚመታን ወላፈን ማለት ነው። በዚያን ጊዜ የሚያበርደን የገዛ ላባችን ብቻ ነው፣ ላቡ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳልና። ነገር ግን በሞተር ላይ ነፋሱ ላቡን ገና ቆዳ ላይ ሳይታይ ይጠርገዋል። ሰውየው አላላበኝም ይላል፤ በውስጡ ግን እንደተሰነጠቀ እንስራ እየጎደለ ነው። ልጁ ላብ አላየሁም ያለው ለዚህ ነው፤ ጃኬቱን ማውለቁም የጎዳው እንጂ የጠቀመው አይደለም። መተማ ደርሶ የሱዳን ሰዎችን ያየ ነጋዴ ይመስክር፦ በዚያ ሙቀት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ጀለቢያ ለብሰው፣ ራሳቸውን በጥምጣም ጠቅልለው ነው የሚውሉት። ሞተረኛም እጀ ረዥም ስስ የጥጥ ልብስ ለብሶ፣ በውሃ የተነከረ ጨርቅ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ፣ በየደረሰበትም እያራሰው ቢሄድ ነው የሚሻለው።

የሞተሩን ነገር ሞተረኞቹ ከእኔ የተሻለ ያውቁታል፤ በረዥም ቁልቁለት ፍሬን ረግጦ መውረድ ፍሬኑን እንደሚያግለውና የጋለ ፍሬን እንደማይዝ፣ ስለዚህ ማርሽ ቀንሶ መውረድ እንደሚገባ። በሃይላንድ የተሞላ ቤንዚን ኋላ አስሮ በፀሐይ መሄዱን ግን ተዉት፣ እባካችሁ።

የራስ ቆቡ ይሞቃል ብለው የሚያወልቁም አሉ። አዎን ይሞቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ግን ደኅና ቆብ የሞትን አደጋ ከመቶ 40 ያህል ይቀንሳል። ራሱ ለሚዞርበት ሰው ደግሞ ይብሱን ያስፈልገዋል። አንድ የታሪክ አስተማሪ ያጫወቱኝን ልንገራችሁ። በ1952 ዓ.ም. በሮማው ኦሎምፒክ፣ ነሐሴ 20 ቀን፣ ክኑድ ኤነማርክ የንሰን የሚባል የ23 ዓመት የዴንማርክ ብስክሌተኛ በከባድ ፀሐይ ሲወዳደር ራሱ ዞሮ ወደቀ። የራስ ቅሉ ተሰነጠቀ፣ ያኑ ዕለት ሞተ። ጥላ ብለው ያስገቡት ድንኳን እንኳ የጋለ ነበር ይባላል። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶኑን ያሸነፈውም በዚያው ኦሎምፒክ ነው፤ ጳጉሜ 5 ቀን፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ። ያ ማራቶን ሙቀቱን ለመሸሽ ሲባል የተጀመረው ወደ ማታ ነበር። አበበም ጨልሞ፣ ወታደሮች ችቦ ይዘው ባበሩለት መንገድ ሮጦ ነው የገባው። የዓለም ሻምፒዮን የሚሆን ሰው እንኳ ፀሐይ ትብረድለት ተብሎ ሰዓት ተቆርጦለታል።

የእኛን ሞተረኛ ሰዓት የሚቆርጥለት ማን ነው? እሱ ራሱ አይደለም። ገበያ ውለን፣ ሸቀጣችንን ሸክፈን፣ 6 ሰዓት ላይ «በል አድርሰኝ» የምንል እኛ ነን። እሺ፣ አደረሰን። «ጥላ ሥር አርፈህ 10 ሰዓት ላይ ውጣ፣ ይኸው የመቆያህ» ብሎ ብር የጨመረለት ሰው አለ? እኔ አልጨመርሁም። ብዙዎቹ ልጆች ሞተሩ የራሳቸው አይደለም፤ ለባለቤቱ የቀን ገቢ ያስገባሉ። አራት ሰዓት ሙሉ ዛፍ ሥር ቢቀመጥ ማታ ለቤቱ ምን ይዞ ይገባል? ስለዚህ ደርሶ መልስ በቀትር ይጋልባል። ከዚያ ሲወድቅ «የዛሬ ልጆች» እንላለን።

ስለሆነም ለኮሚቴው ያቀረብሁት ሐሳብ ይህ ነው። ከየካቲት እስከ ግንቦት መጨረሻ ድረስ፣ ከ5 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ማኅበራችን ሞተረኛ ወደ ቆላ አይላክ፤ አባላትም አይከራዩ። ምጥና ሕመም ከዚህ ውጭ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ሁለት ሞተር ተያይዞ ይሂድ፣ አንዱ ቢደክም ሌላው ያየዋልና። ውሃ ሳይዝ የሚወርድ አይኑር። አንድ ኮዳ ለደርሶ መልስ አይበቃም፤ ቢያንስ በየሰዓቱ ግማሽ ሊትር ይጠጣ፣ ባይጠማውም። በውሃው ላይ ጥቂት ጨውና ስኳር ቢጨመርበት ደግ ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ለተቅማጥ የሚያስተምሩት፣ ለ1 ሊትር ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው የሚለው ይሆናል። በማኅበሩ ሥራ ለሚወርድ ሰው ደግሞ የመቆያ ሒሳብ ከማኅበሩ ይከፈለው።

ጾመኛውስ? ጾምህን ፍታ ለማለት ሥልጣን የለኝም፤ እሱን ሸሆቹንና ቄሶቹን ጠይቁ፣ ለመንገደኛና ለታመመ የሚሉት አላቸው። እኔ የምለው ጾመኛን በቀትር በረሃ አትላኩት ነው። ጎህ ሲቀድ ቢነሣ ፀሐይዋ ሳትበረታ ደጋ ተመልሷል። አባቶቻችን በቅሎና አህያ ጭነው ዓባይ ሲወርዱ ሌሊት ነበር የሚነሡት፤ ሞኞች መስለዋችሁ ነው?

መንገድ ላይ እንዲህ የሆነ ሰው ያገኘ ሁሉ ያን ቀን ሴቶቹ ያደረጉትን ያድርግ፦ ጥላ፣ ልብሱን ማላላት፣ ገላውን በውሃ ማራስ፣ ማራገብ። ንግግሩ ከተምታታ ወይም ከተንገዳገደ ነገሩ የከፋ ነው፤ ቶሎ ሐኪም ቤት ይሂድ። ራሱን ለሳተ ሰው ውሃ በአፉ አታፍስሱበት፣ ያንቀዋል።

ኮሚቴው ውስጥ ክርክር ነበር፤ አልደብቅም። አንዱ «ሞተሩ የሱ፣ ነፍሱም የሱ፣ እኛን ምን አገባን» አሉ። ለሳቸው የሰጠሁት መልስ መዝገቡን ነው። ድንኳኑን የምንተክለው፣ ንፍሮውን የምንቀቅለው፣ ለቤተሰቡ የምናዋጣው እኛ ከሆንን እንዴት አያገባንም?

የከበደኝ የሌላው ጥያቄ ነው። «መርዶውስ? ዘመድ ሳይደርስ ይቀበር ልትል ነው?» አሉኝ። በሁለቱም ሃይማኖታችን ቀብር ቶሎ እንደሆነ ሁላችን እናውቃለን። እኔ ያልሁት ይህን ነው፦ ሞቱ ጧት ከተሰማ ወዲያውኑ ይላክ። ከ5 ሰዓት በኋላ ከተሰማ ግን ቀብሩ በወጉ ይፈጸም፣ ቆላ ላሉት ዘመዶች ፀሐይ ሲበርድ ይላክና ለለቅሶው ይድረሱ። ይህ ቅር እንደሚያሰኝ አውቃለሁ። እናቴ ሲያርፉ እኔ ሩቅ አገር ነበርሁና አልደረስሁም፤ እስከ ዛሬ ያመኛል። ነገር ግን ያን ልጅ ቦይ ውስጥ ተኝቶ ሳስበው ደግሞ እናቱ ከእኔ ቤት ሦስተኛው በር ላይ ናቸው። በየቀኑ «እንደምን አደርህ፣ ደኅና ነህ ወይ» ይሉኛል፤ አንድም ቀን አልወቀሱኝም።

ጉዳዩ በመጪው እሑድ 8 ሰዓት ላይ ለጠቅላላ ስብሰባ ይቀርባል። ልጁ ክንዱ ድኗል፣ መጥቶ የሆነውን በራሱ አፍ ሊናገር ፈቅዷል። ገንዘብ ያዣችን የመቆያው ሒሳብ ስንት እንደሚወጣ አስልተው ይቀርባሉ። ሐሳቤን የሚቃወም ቢኖርም ይምጣና ይናገር፣ በየቡና ቤቱ ባይሆን። ሞተር ያላችሁ ስማችሁንና የስንት ሰው ቆብ እንደሚጎድላችሁ እስከ ዓርብ ድረስ ከእኔ ዘንድ አስመዝግቡ፤ ቀን ካጣችሁኝ ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ ቤቴ አለሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ