ሣጥኑን የናቀ ድምፁን ያጣል

«ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ» ይላሉ አበው። እኔም የዛሬውን ሙግቴን ከሥሩ ልጀምር። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች በየዕለቱ የምንሰማው ያ መስኮት የሚያንቀጠቅጥ፣ ደረት የሚደበድብ፣ የድምፃዊውን ቃል ውጦ የሚያስቀር ጉርምርምታ ባስ አይደለም። የሣጥን ስሕተት ነው። ባስና የሣጥን ስሕተት ደግሞ ቅኔና ልፍለፋ የሚራራቁትን ያህል ይራራቃሉ።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጉዳይ ሁለት ወገን ተሰልፎ አያለሁ። አንደኛው ወገን «ይህ ሁሉ የዱርዬ ሥራ ነው፤ ባስ የሚባል ነገር ከመኪና ይነቀል» ይላል። ሁለተኛው ወገን የመኪናው ባለቤት ነው። እርሱ ደግሞ «የእኔ 1000 ዋት ነው፣ የአንተስ?» እያለ በቁጥር ይፎክራል። አንዱ ሲረግም ሌላው ሲፎክር፣ በመካከላቸው ከኋላ ወንበር ሥር የተቀመጠችውን የእንጨት ሣጥን ዞር ብሎ ያያት የለም። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ማለት ይህ ነው። እኔ የምሟገተው ለዚያች ለተናቀችው ሣጥን ነው።

ለመሆኑ ሣጥኗ ምን ትሠራለች? የባስ ስፒከር ሾጣጣ ወረቀቱ ወደ ፊት ሲገፋ አየሩን ከፊቱ ያጨናንቃል፤ በዚያው ቅጽበት ከጀርባው ያለውን አየር ያሳሳል። ስለዚህ ከፊትና ከኋላ የሚወጡት ሁለት ድምፆች እርስ በርሳቸው ተቃራኒ ናቸው። ስፒከሩን ያለ ሣጥን ብታጫውቱት የኋላው ድምፅ ዞሮ የፊተኛውን ያጠፋዋል፤ ወፍራሙ ድምፅ ይሞትና ቀጭኑ ብቻ ይቀራል። የ40 ኸርዝ ድምፅ አንድ ማዕበል 8 ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል፤ ከሚኒባሱ ራሱ ይበልጣል። ይህን ግዙፍ ነገር የሚገራው ዋት አይደለም፤ ልኩ የታወቀ፣ አየር የማያስወጣ፣ የማይንቀጠቀጥ ሣጥን ነው።

ይህ ደግሞ ለእኛ እንግዳ ትምህርት ሊሆን አይገባውም ነበር። በገና ዐሥር አውታር አለው፤ አውታሮቹን ብቻቸውን በሁለት ችንካር መካከል ብትወጥሯቸው ከትንኝ የተሻለ ድምፅ አይወጣቸውም። ነፍስ የሚዘሩባቸው ቆዳ በለበሰው የእንጨት ሣጥን ላይ ሲያርፉ ነው። መሰንቆ ያለችው አንዲት የፈረስ ጭራ አውታር ብቻ ናት፤ የቀረው ሁሉ ሣጥን ነው። ከበሮም ቢሆን አንደኛው አፉ ሰፊ፣ ሌላኛው ጠባብ የሆነው ለጌጥ አይደለም፤ ወፍራሙና ቀጭኑ ድምፅ በየራሱ አፍ እንዲናገር ነው። እነዚህን የሠሩ እጆች ልክ ያውቁ ነበር። ልካቸው በስንዝርና በጣት ይሁን እንጂ ልክ ነበር፤ ግምት አልነበረም።

የዛሬው ሣጥን ሠሪያችንስ? አብዛኛውን ጊዜ መኪናዋን ከፍቶ ያያል፤ «እዚህ ጋ ይገባል» ይላል፤ ቺፑድ ወይም ኤምዲኤፍ ይቆርጣል፤ በኮላ ያጣብቃል፤ ምንጣፍ ያለብሰዋል፤ አለቀ። እኔ ቀኑን ሙሉ ገንዘብ ስቆጥር የምውል የባንክ ሠራተኛ ነኝና በሒሳብ ልናገር። ከውጭ ሲለካ 50 በ40 በ35 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን ቢሠራ፣ ሠሪው «70 ሊትር ነው» ይላል። ነገር ግን ጣውላው 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። ከየጎኑ ይህን ስትቀንሱ ውስጡ 46.4 በ36.4 በ31.4 ይሆናል፤ ማለትም 53 ሊትር ገደማ። 17 ሊትር የት ሄደ? ስፒከሩ ራሱ፣ የአየር ቧንቧውና ማጠናከሪያ እንጨቱ የሚይዙት ቦታ ገና አልተቀነሰም! በእኛ መስኮት አንድ ብር ቢጎድል ሒሳብ አይዘጋም፤ ሰውም ወደ ቤቱ አይሄድም። እዚያ ግን ከአራት አንድ እጁ የጎደለ ሣጥን ምንጣፍ ለብሶ፣ ተመርቆ ይሸኛል።

ጉድለቱ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ሣጥን በሁለት ወገን ይከፈላል፤ ዝግና ባለቧንቧ። ዝጉ ሣጥን ውስጡ የታፈነው አየር እንደ ሞላ ሆኖ ወረቀቱን ይገታዋል። አሜሪካዊው ኤድጋር ቪልቹር እ.ኤ.አ. በ1954 ለገበያ ያበቃው ትንሽ ሣጥን በዚህ ዘዴ የተሠራ ነበር፤ ባስ ለማግኘት የቁም ሣጥን የሚያክል ዕቃ እንደማያስፈልግ ለዓለም አሳየ። ባለቧንቧው ደግሞ እንደ እንስራ አፍ ነው፤ በአፉ ላይ እፍ ሲሉት እንስራው የራሱን ድምፅ እንደሚሰጥ ሁሉ፣ ሣጥኑም በራሱ ቅኝት ይጮኻል። ቅኝት ያልሁት ለማሳመር አይደለም። ክራር እንደሚቃኝ ሣጥንም ይቃኛል፤ መቃኛው የሣጥኑ ስፋትና የቧንቧው ርዝመት ነው።

ምሳሌ ልስጥ። 50 ሊትር በሆነ ሣጥን ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቧንቧ ቢገባ፣ ሣጥኑን 35 ኸርዝ ላይ ለመቃኘት ቧንቧው 31 ሴንቲ ሜትር ያህል መርዘም አለበት። ሠሪው «ይኼ አልገባም አለኝ» ብሎ 15 ላይ ቢቆርጠው ቅኝቱ ወደ 46 ኸርዝ ይወጣል። ምን አለበት ትሉ ይሆናል። የባስ ጊታር ወፍራሙ ክር ሳይነካ በክፍቱ ሲመታ 41 ኸርዝ ነው። በባለቧንቧ ሣጥን ከቅኝቱ በታች ያለ ድምፅ በፍጥነት ይወድቃል፤ ወረቀቱም የሚገታው አየር አጥቶ እስኪቀደድ ይወራጫል። እነሆ፣ ወፍራሙ ክር ጠፋ፤ ወደ ቅኝቱ የሚጠጋው ድምፅ ብቻ ከሁሉ ጎልቶ ያገሣል። ዘፈኑ ትዝታ ይሁን ባቲ፣ ሬጌ ይሁን ጉራግኛ፣ የሚሰማው ያው አንድ «ቡው! ቡው!» ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ጆቫኒ ሪኮ በአይቤክስ፣ በኋላም በሮሃ ባንድ የባስ ጊታሩን ሲጫወት እያንዳንዱን ኖታ የመረጠው አስቦ ነው። ባሱ ከከበሮው ጋር ይነጋገራል፣ ለድምፃዊው መንገድ ይጠርጋል፣ አንዳንዴም ዝም ይላል፤ ዝምታውም ዜማ ነው። የተበላሸ ሣጥን ግን ዝም ማለት አያውቅም፤ ኖታው ካለፈ በኋላም ይጎተታል። ስለዚህ «ሙዚቃ እወዳለሁ» የሚል ባለመኪና በእንዲህ ያለ ሣጥን ሲያጫውት፣ የባለሙያውን ቃል በሌላ ቃል እየለወጠ የሚያነብ ሰው ማለት ነው። ሐሰተኛ አንባቢ ነው!

ወደ ፉከራው እንምጣ። በስፒከሩ ላይ «1000 ዋት» ተብሎ በደማቁ መታተሙ ብዙ ጊዜ ለቅጽበት የሚችለውን እንጂ ዘላቂ ኃይሉን አይናገርም። እውነተኛ 1000 ዋት ከ12 ቮልት ባትሪ ለማውጣት፣ ምንም ሳይባክን እንኳ፣ ከ80 አምፔር በላይ ያስፈልጋል። ይህን በቀጭን ሽቦና ያለ ፊውዝ የሚዘረጋ ሰው ሙዚቃ ሳይሆን እሳት እየገጠመ ነው። ደግሞም ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ለጆሯችን «እጥፍ ሆነ» እንዲመስል ዐሥር እጥፍ ያህል ኃይል ይጠይቃል። ለዋት የሚፈሰው ገንዘብ ሲሶው ለሣጥኑ ቢውል ኖሮ ግማሽ ዋት በበቃ ነበር።

ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? ከሁሉ አስቀድሞ ሾፌሩና ረዳቱ። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም ያስቀመጠው ልክ ለ85 ዴሲቤል በቀን 8 ሰዓት ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 94 ላይ አንድ ሰዓት፣ 100 ላይ ሩብ ሰዓት ብቻ! ተሳፋሪው ከሜክሲኮ ሳሪስ ደርሶ ይወርዳል፤ ረዳቱ ግን ከንጋት እስከ ምሽት እዚያው ነው። ጥርት ያለ ባስ የሌለው ሰው የጎደለውን ለመሙላት ድምፁን ይጨምራል፤ በጨመረ ቁጥር ጆሮው ይደክማል፤ ጆሮው በደከመ ቁጥር ደግሞ ይጨምራል። አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅንም ከብክለት ቆጥሮታል፤ ነገር ግን አዋጅ ጩኸትን ይቀጣ እንደሆነ እንጂ ሣጥን አያቃናም።

«ድሀ ነን፤ ለልክና ለቀመር ጊዜ የለንም» የሚለኝ አይጠፋም። ወንድሜ፣ ሜትርና እርሳስ ስንት ያወጣሉ? ቺፑዱ በልክ ቢቆረጥም ያለ ልክ ቢቆረጥም ዋጋው ያው ነው። ሣጥን የሚታቀድባቸውን ቁጥሮች አውስትራሊያዊው ኔቪል ቲልና ከእርሱ በኋላ ሪቻርድ ስሞል በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ለዓለም አስቀምጠውልናል፤ ደኅና ስፒከር ከእነዚያ ቁጥሮች ጋር ነው የሚመጣው። ስሌቱን የሚሠራው ዊንአይኤስዲ የተባለው ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። የጎደለው ገንዘብ ሳይሆን ለሙያ ያለን ክብር ነው። ሣጥን ሠሪውን «አናጢ አይሉት ኤሌክትሪሺያን» እያልን ያንቋሸሽነው እኛ ነን። ያንቋሸሽነው ሰው ልክ እንዲጠብቅልን እንዴት እንጠይቀዋለን?

ሌላው ደግሞ «አንተ ግጥም ትጽፋለህ፤ ከቺፑድ ምን አገናኘህ?» ይለኛል። እንዴት አልገናኝ! በአማርኛ ግጥም ቤት ካልመታ ግጥም አይባልም። ሐሳቡ የቱንም ያህል ቢያምር ቤቱ ከፈረሰ አዳማጩ ይሸሻል። ስፒከርም እንዲሁ ነው፤ ቤት ያስፈልገዋል፤ ቤቱም መምታት አለበት።

ስለዚህ ባለመኪናው ሆይ፣ ሣጥን ስታሠራ «ስንት ሊትር ነው? ስንት ላይ ተቃኘ?» ብለህ ጠይቅ። ሠሪው ካልመለሰልህ ገንዘብህን ያዝ። ሠሪው ሆይ፣ ልኩን በሣጥኑ ጀርባ ጽፈህ ስምህን ፈርምበት፤ ያን ጊዜ ባለሙያ ትባላለህ። የቴክኒክና ሙያ መምህራንም ለእንጨት ሥራ ተማሪ አንድ የድምፅ ሣጥን አሠርታችሁ ብታስመርቁት፣ እንጀራም ጥበብም ሰጣችሁት ማለት ነው። እኛም ተሳፋሪዎች «ቀንስ!» ከማለት አልፈን «አስተካክል!» ማለት እንልመድ።

አንተ ሣጥን ሠሪ፣ መለኪያህን አንሣ፤
የገመትኸው ጣውላ፣ ዜማን እንዳይረሳ።
በገና ያነጸ፣ ያያትህ ጣት ምስክር፤
ልኩን የማያውቅ እጅ፣ አይችልም ሊዘምር።
ጩኸት ማንም ያውቃል፣ ሕፃንም ያለቅሳል፤
ድምፅን ልክ የሰጠ፣ እርሱ ሰው ያድሳል።
በሺህ ዋት ነጎድጓድ፣ ጆሮ ከሚደማ፤
በሃምሳ ዋት ሣጥን፣ ይደመጥ ያ ዜማ።

ቸር እንሰንብት።