ቃል ፈላጊው ፕሮግራም «ፊደል» የሚለው ምኑን ነው? ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሲሻገሩ

ከተሰጡ ጥቂት ፊደላት የእንግሊዝኛ ቃላትን መፈለግ ለብዙዎች የትርፍ ጊዜ መዝናኛ ነው። አሜሪካዊው አርክቴክት አልፍሬድ በትስ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለስክራብል ጨዋታ መሠረት ሲጥል፣ እያንዳንዱ ፊደል በጋዜጣ ገጾች ላይ ስንት ጊዜ እንደሚገኝ ቆጥሮ ነበር። በጨዋታው ካሉት 100 ጠጠሮች 12ቱ «ኢ» ሲሆኑ፣ «ኪው» እና «ዜድ» ግን አንድ አንድ ብቻ ሆነው 10 ነጥብ ያስገኛሉ።

ጉዳዩ በኮምፒዩተር ሳይንስ ዓይን ሲታይ ከጨዋታ ያለፈ ነው። ጥያቄው ሦስት መልክ አለው፤ አንደኛ፣ የተሰጡትን ፊደላት ሁሉ ያለ ጭማሪ የሚጠቀሙ ቃላት የትኞቹ ናቸው? ሁለተኛ፣ ከተሰጡት በከፊሉ ብቻ የሚሠሩትስ? ሦስተኛ፣ የተሰጡትን ሁሉ ይዘው ሌላ ፊደል የሚጨምሩትስ?

ለመጀመሪያው ጥያቄ ፊደላቱን በሚቻለው ቅደም ተከተል ሁሉ መደርደር አድካሚ ነው፤ 10 የተለያዩ ፊደላት 3,628,800 ድርድር ይሰጣሉ። የተሻለው ዘዴ የእያንዳንዱን ቃል ፊደላት በአልፋቤት ተራ አሰልፎ «ቁልፍ» ማበጀት ነው። «ሊስን» (ማዳመጥ) እና «ሳይለንት» (ጸጥ ያለ) የተባሉት የእንግሊዝኛ ቃላት ቁልፋቸው አንድ ነው፤ «ኢ፣ አይ፣ ኤል፣ ኤን፣ ኤስ፣ ቲ»። ጆን ቤንትሊ በ1986 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው የፕሮግራም አጻጻፍ መጽሐፍ ይህንኑ ዘዴ አብራርቶታል። ለሦስተኛው ጥያቄ ደግሞ 26ቱን ፊደላት በአንድ ቁጥር ውስጥ እንደ 26 ማብሪያና ማጥፊያ መያዝ ይቻላል፤ ማነጻጸሩ በአንድ ስሌት ያልቃል። የሚደጋገሙ ፊደላት ካሉ ግን መቆጠር አለባቸው።

ዘዴው በእንግሊዝኛ የሚሠምረው ሁለት ነገሮች አስቀድመው ስለተወሰኑ ነው። ፊደላቱ ተናባቢና አናባቢ ተብለው እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይጻፋሉ፤ የቃሉም አጻጻፍ በመዝገበ ቃላት ጸንቷል። ፕሮግራሙ የሚመለከተው ድምፅን ሳይሆን አጻጻፍን ነው። በ«ሊስን» ውስጥ «ቲ» አይሰማም፤ ነገር ግን ይቆጠራል። ሁለቱን ቃላት በእኛ ፊደል ስንጽፋቸው ዝምድናቸው ፈጽሞ የሚጠፋውም በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ይህንን ዘዴ እንዳለ ወደ አማርኛ ብናመጣው ምን ይሆናል? «ሰላም»፣ «ምላስ»፣ «ምስል»፣ «መልስ» እና «ምሳሌ» የተባሉትን ቃላት እንውሰድ። አምስቱም የተሠሩት ከሰ፣ ከለ እና ከመ ቤት ነው። ይሁን እንጂ ፕሮግራሙ ላን፣ ልን እና ሌን ሦስት የማይዛመዱ ፊደላት አድርጎ ስለሚወስድ፣ ከአምስቱ ሁለቱ እንኳ አንድ ዓይነት ቁልፍ አይኖራቸውም። ስለዚህ በአማርኛ የፍለጋው መነሻ ተናባቢው፣ ማለትም የፊደሉ ቤት፣ መሆን አለበት የሚል አቋም አለኝ።

ይህ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላት ቃላትን በሥራቸው ያሰባሰበ ነው። ለአሠራሩም ምቹ ሁኔታ አለ። ዩኒኮድ በ1999 (እ.ኤ.አ.) በወጣው 3.0 እትሙ የኢትዮጵያን ፊደል ሲያካትት እያንዳንዱን ቤት በስምንት ስምንት ቦታ ደርድሮታል። ስለዚህ ከጥቂት ዲቃላ ፊደላት በስተቀር፣ የፊደሉን ቁጥር ለስምንት አካፍሎ ቀሪውን በመተው ቤቱን ማወቅ ይቻላል።

ሁለተኛው ችግር የሞክሼ ፊደላት ነው። «ፀሐይ» የሚለው ቃል የመጀመሪያው ፊደል በጸ ወይም በፀ፣ ሁለተኛው በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ ወይም በኃ ሊጻፍ ስለሚችል 12 መልክ ሊይዝ ይችላል። አንዳንዶች መፍትሔው ሞክሼዎችን ከነጭራሹ ማስወገድ ነው ይላሉ። እኔ ግን አልስማማም። ፕሮግራሙ በፍለጋ ጊዜ ሠን እና ሰን እንደ አንድ ሊቆጥር፣ በውጤቱ ላይ ግን «ሠረቀ» (ወጣ) እና «ሰረቀ» (ሌባ ሆነ) የሚለውን ልዩነት ጠብቆ ሊያሳይ ይችላል። ለማሽን ምቾት ሲባል የጽሕፈት ቅርስ መሠዋት የለበትም።

በተናባቢ መፈለግም የራሱ ድካም አለው። «ሰማ» የሚለው ግስ በግእዝ «ሰምዐ» ሲሆን፣ በአማርኛ ሦስተኛው ተናባቢ ከጽሕፈት ወጥቷል፤ እንዲህ ያሉ ግሶች ለብቻቸው ሊመዘገቡ ይገባል። ውጤቱም እንዳይበዛ ተጠቃሚው ሲፈልግ አናባቢውንም መወሰን የሚችልበት አማራጭ ያስፈልጋል።

ነገሩ የጨዋታ ብቻ አለመሆኑን የሚያሳየው የተጠቃሚው ሁኔታ ነው። በስልኩ መዝገበ ቃላት «ጸሀይ» ብሎ የጻፈ ተማሪ «ቃሉ አልተገኘም» የሚል መልስ ሲያገኝ፣ ጉድለቱ የፕሮግራሙ ሳይሆን የራሱ ወይም የቋንቋው ይመስለዋል። ስለሆነም በአማርኛ ፍለጋ ላይ የመመረቂያ ጥናት የሚያዘጋጁ ተማሪዎች ስልተ ቀመራቸውን ከመምረጣቸው በፊት «ፊደል» ያሉት ምን እንደሆነ በግልጽ ይጻፉ፤ ፈታኞችም የፍለጋውን ፍጥነት ከመጠየቃቸው በፊት ይህንን ይጠይቁ።