በሽተኛው «????» ይግባ!

«ሲስተም የለም» ማለት በአገራችን አዲሱ «ነገ ና» ሆኗል። ባንክ ስትሄድ ሲስተም የለም፤ ቀበሌ ስትሄድ ሲስተም የለም። ድሮ ስብሰባ የሚገባው ኃላፊው ነበር፤ ዛሬ ስብሰባ የገባው ሲስተሙ ነው። ባንክ የሄደ ሰው ተናዶ፣ አጉረምርሞ በማግስቱ ይመለሳል። ሐኪም ቤት በር ላይ «ሲስተም የለም» ሲባል ግን ቀልድ የለም። በተለይ በሽተኛው ከቦረና ቆላ ወይም ከወግዲ ገጠር የቅሬ ሰዎች በቃሬዛ ተቀባብለው መካነ ሰላም ያደረሱት እንደሆነ፣ ነገ ና ብሎ የሚመልሰው ማን ነው? ወዴትስ ነው የሚመለሰው?

ይህን ያነሳሁት ካርድ ክፍልን ይተካል ተብሎ በየጤና ተቋሙ ስለሚተከለው የኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ ለመናገር ነው። ሐሳቡን የሚቃወም ጤነኛ ሰው ያለ አይመስለኝም። «ካርድዎ ጠፍቷል» ተብሎ የበሽታውን ታሪክ እንደገና ከሀ ያልጀመረ ስንት ሰው አለ? ሶፍትዌሩም ቢሆን በሞኝ የተመረጠ አይደለም። ኦፕን ኤምአርኤስ የሚባለውን እ.ኤ.አ. በ2004 የጀመሩት የአሜሪካው ሬገንስትሪፍ ተቋም ሐኪሞችና የፓርትነርስ ኢን ኸልዝ ሰዎች ናቸው። በ2006 ኬንያ፣ ኤልዶሬት ላይ ሥራ ጀመረ። ኤድስ አፍሪካን ሲያጭድ የበሽተኛው ብዛት ከወረቀቱ አቅም በላይ ስለሆነ የተወለደ ነገር ነው። ኮዱ ክፍት ነው፤ ማንም ይወስደዋል፣ ፈልቅቆ ያየዋል፣ እንደ አገሩ ያስተካክለዋል፤ የፈቃድ ክፍያ የሚባል ነገር የለበትም። የእኛም ጤና ሚኒስቴር ለኤች.አይ.ቪ ሕሙማን ክትትል ያመጣው «ኢትዮ ኦኤችአርአይ» የቆመው በዚሁ መሠረት ላይ ነው። ከእሱ በፊት «ስማርት ኬር» የሚባል ሌላ ነበር።

ታዲያ ነፃ ከሆነ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? ነፃ ሶፍትዌር በነፃ የተሰጠ በሬ ነው። በሬውን አገኘህ፤ ሞፈርና ቀንበሩ፣ ድርቆሹ፣ ከሁሉ በላይ አራሹ ግን ያንተ ናቸው። የእኛ ሹሞች በሬውን አስረክበው፣ ሪባን ቆርጠው፣ «መሬቱ ታርሷል» ብለው ሪፖርት ይጽፋሉ።

ነገሩን ትንሽ ፈታ አድርጌ ላስረዳ፤ አንባቢ ይታገሰኝ። ባለሥልጣኖቻችን የሚሸሸጉት «ይኼ ቴክኒካል ጉዳይ ነው» ከሚሉት መጋረጃ ጀርባ ስለሆነ መጋረጃውን መግለጥ ያስፈልጋል።

ይህ መዝገብ ብቻውን አይቆምም። ከሥሩ ሦስት ጉልቻ አለው፤ ጃቫ፣ ቶምካትና ማይኤስኪውኤል ይባላሉ። ጉልቻዎቹ ካልተመጣጠኑ ድስቱ ይደፋል። ለጃቫ 8 የተሠራውን ቅጂ «አዲስ ይሻላል» ብለህ ጃቫ 17 ላይ ብትጭነው አይነሳልህም። ለቶምካት 9 የተሠራውን ቶምካት 10 ላይ ብታስቀምጠው እንዲሁ፤ በ10ኛው ላይ የውስጥ ስሞቹ ስለተቀየሩ አይተዋወቁም። ታዲያ ማሽኑ ዝም ብሎ አይሞትም፤ የሞተበትን ምክንያት ሎግ በሚባል ፋይል ውስጥ መስመር በመስመር ጽፎ ይተዋል። ቄሱም ዝም መጽሐፉም ዝም እንዳይባል መጽሐፉ ዝም አላለም፤ የሚናገረውን የሚያነብ ግን አልተቀጠረም። ወይም ተቀጥሮ አልሠለጠነም።

በመካነ ሰላም ወገን ከሚገኙ የጤና ተቋማት በአንዱ ያየሁትን ልንገራችሁ። የተቋሙን ስም ለሠራተኛው እንጀራ ስል እዘለዋለሁ። ወጣቱ የመረጃ ባለሙያ ኮምፒውተሩን ከፍቶ የዕለቱን ተረኞች ዝርዝር አሳየኝ። ዕድሜ አለ፣ ጾታ አለ፣ የካርድ ቁጥር አለ። በስም ቦታ ከላይ እስከ ታች አራት አራት የጥያቄ ምልክት ተደርድሯል። «በሽተኛው ????፣ ይግባ!» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ግን የሚያስቅ ሳቅ አልነበረም። «ምን ነክቶት ነው?» አልኩት። «ወንድሜ፣ ከአዲስ አበባ የመጡት ልጆች በአንድ ቀን ጭነው፣ ፎቶ ተነስተው ሄዱ። ሲሞክሩት በእንግሊዝ ፊደል ነው የጻፉት፤ ሠራ። እኛ በራሳችን ፊደል ስንጽፍ ነው ጉዱ የወጣው» አለኝ።

ጉዱ ምን መሰላችሁ? ማይኤስኪውኤል የሚባለው የመረጃ ጎተራ እ.ኤ.አ. እስከ 2018፣ ማለትም እስከ 8ኛው ቅጂ ድረስ፣ ካልነገሩት በቀር የሚያውቀው የላቲን ፊደልን ብቻ ነበር። ኦፕን ኤምአርኤስ ሲጫን ጎተራውን ራሱ እንዲሠራ ከተተወ የዓለምን ፊደል ሁሉ በሚችለው ዩቲኤፍ 8 አድርጎ ይሠራዋል። ጫኚው ቸኩሎ ጎተራውን አስቀድሞ በእጁ ከፈጠረውና ፊደሉን ካልነገረው ግን፣ ግዕዙ ሲመጣ ማሽኑ ወይ «አልመዘግብም» ብሎ እምቢ ይላል፣ ወይ በእያንዳንዱ ፊደል ፈንታ የጥያቄ ምልክት ይተክላል። እምቢ ያለው ይሻላል! የጥያቄ ምልክት የሆነው ስም ኋላ ቅንብሩ ቢስተካከልም አይመለስም፤ ጠፍቷል። ይህን ለመከላከል የሚያስፈልገው አንድ መስመር ትዕዛዝ ነው። አንድ መስመር! ከመጫን በኋላ ደግሞ «ሰይድ መሐመድ» ብሎ በግዕዝ ጽፎ፣ አስቀምጦ፣ መልሶ ከፍቶ ማየት። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ሰይድ መሐመድን ያነሳሁት በከንቱ አይደለም። ወሎ ውስጥ ሰይድ መሐመድ የሚባል ስንት ሰው አለ? አንዱ ጸሐፊ በእሳቱ ሰ፣ ሌላው በንጉሡ ሠ ይጽፈዋል፤ መሐመድን በሐመሩ ሐ የሚጽፍ አለ፣ በሃሌታው የሚጽፍ አለ። ለእኛ ጆሮ አንድ ነው፤ ለማሽኑ አራት ሰው ነው። ስሙን ሲፈልጉት «የለም» ይላል፣ አዲስ ካርድ ይወጣል፣ የድሮው የመድኃኒት አለርጂ ድሮው ካርድ ላይ ይቀራል። ሶፍትዌሩ ሲወለድ «የቤተሰብ ስም» አምጡ ይላል፤ የእኛ ሰው የአባቱን ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለውም። የእኛ አቆጣጠር ካልተገጠመለት ደግሞ ጳጉሜን አያውቃትም። ኮዱ ክፍት የሆነው እኮ እንዲህ ያለውን ለማረም ነው! ክፍቱን በር ከውስጥ ቀርቅረን ተቀመጥን።

የመብራቱ ነገር ራሱን የቻለ ጉድ ነው። መብራት ድንገት ድርግም ሲል ጎተራው በመጻፍ ላይ ከነበረ ሊበላሽ ይችላል፤ ዩፒኤስ ካለ ለመዝጋት ጊዜ ይሰጣል፣ ከሌለ የለም። አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ያለችው እንደ ሳንቲም ክብ የሆነችው ባትሪ ደግሞ ስትደክም፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ማሽኑ ቀኑን ይረሳና ብዙ ዓመት ወደኋላ ይሄዳል። ከዚያ ነርሷ የዛሬን ቀን ስትጽፍ «ወደፊት ያለ ቀን አልቀበልም» ይላል። ለእሱ ዛሬ ገና አልመጣማ! ሰው ግን «ሶፍትዌሩ ተበላሸ» ብሎ ይደመድማል፤ ለአዲስ አበባ ይደወላል፤ አዲስ አበባ «እንመጣለን» ይላል። ባትሪዋ የምትሸጠው ሰዓት ጠጋኝ ቤት ነው።

አሁን ወደ ፖለቲካው ልምጣ፤ ሳላነሳው ባልፍ አንባቢ ይታዘበኛል። ጤና ሚኒስቴር በ2008 ዓ.ም. «የመረጃ አብዮት» አወጀ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የሚል ስትራቴጂ አጸደቀ። ይኸው አጽዳቂ መንግሥት ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የአማራ ክልልን የሞባይል ኢንተርኔት ዘግቶ አንድ ዓመት ያህል ከረመ። የኦፕን ኤምአርኤስ 3ኛ ቅጂ በተለመደው መንገድ ሲጫን ዶከር በሚባል መሣሪያ ጥቅሎቹን ከኢንተርኔት ያወርዳል። ኢንተርኔት ቆርጠህ «አውርዱና ጫኑ» የሚል መመሪያ መላክ ምን ይባላል? የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንዳልል፣ እዚህ ውሃውን የዘጋው ቧንቧ አስገቢው ራሱ ነው። መላ የለውም እንዳይባል ደግሞ መላ አለው፤ ጥቅሎቹ አዲስ አበባ ላይ አንዴ ወርደው በሃርድ ዲስክ ከተላኩ ያለ ኢንተርኔት ይጫናሉ። ዲስኩን ግን ማሰብና መላክ ይጠይቃል።

የቅጂም ነገር አለ። የደሴ ሆስፒታል በ2014ቱ ጦርነት መዘረፉን ሁላችንም እናውቃለን። ሰርቨር ሲጫን ውስጡ ያለው የበሽተኛ ታሪክ አብሮ ይጫናል። በየሌሊቱ ቅጂ ተወስዶ፣ በቁልፍ ተቆልፎ፣ ሌላ ቦታ ካልተቀመጠ የአሥር ዓመት ሥራ በአንድ ፒክአፕ ጭነት ይሄዳል።

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የዚህ ሁሉ ማስታገሻ የፈረንጅ ገንዘብ ነበር። ችግር ሲመጣ የፕሮጀክት መኪና ይመጣል፣ የፕሮጀክት ልጅ ያስተካክላል። በጥር 2017 ዓ.ም. አሜሪካ እርዳታዋን ስታቆም ሚኒስቴሩ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞችን ውል አቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ጥገና የሚሠራው ማን ነው? ሰው በሌለበት ሠራተኛው ሁለት ጊዜ ይጽፋል፤ አንዴ በወረቀት፣ አንዴ በኮምፒውተር። እ.ኤ.አ. በ2015 አምስት የአገራችንን ሆስፒታሎች መርምሮ የወጣ ጥናት፣ ከተጠየቁት ባለሙያዎች ከግማሽ የሚበልጡት በኤሌክትሮኒክ መዝገቡ አለመርካታቸውን ጽፎ ነበር። ሰነፎች ስለሆኑ ነው የሚል ካለ፣ መጥቶ ሁለት ጊዜ ይጻፍ።

እኔ የምለው ከባድ ነገር አይደለም። ደሴ በሚገኘው ዞን ጤና መምሪያ አንድ ሙሉ የመጫኛ ዲስክ ከነጉልቻዎቹ፣ ቁጥራቸው የተጻፈበት፣ ይቀመጥ። ሎግ ማንበብን የሚያስተምር፣ በአማርኛ የተጻፈ ቀጭን መጽሐፍ ይታተም፤ «ይህን መስመር ካየህ ይህን አድርግ» የሚል። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ እኮ እዚያው መካነ ሰላም ግቢ አለው፤ ልጆቹን ለልምምድ የሚቀበል ሆስፒታልና የሚልክ ዲን መነጋገር ያቅታቸዋል? ለመረጃ ባለሙያውም ማታ ተጠርቶ ለሚያነሳው ሰርቨር የትርፍ ሰዓት ይከፈለው። ዛሬ የሚከፈለው ምስጋና ነው፤ እሱም ሲታወስ።

ሚኒስቴሩ ደግሞ «በዚህን ያህል ተቋማት ተተክሏል» የሚለውን መግለጫ ትቶ አንድ ጥያቄ ይመልስ፤ ከተተከሉት ውስጥ ባለፈው ወር ስንቶቹ ስንት ቀን ሠርተዋል? በዚያው ወር የበሽተኛ ስም በግዕዝ የተመዘገበው በስንቶቹ ነው? መልሱን ይላኩልን፤ ቦታ አለን፣ ሳንቆርጥ ሙሉውን እናትመዋለን።