የከተማ ፕላን የቀያሽ ምስጢር አይደለም

ካርታ ማንበብ የማይችል መኮንን የሚመራውን ጦር ወዴት እንደሚያደርሰው አያውቅም። በጦር አካዳሚ የካርታ ንባብ ከመሣሪያ ትምህርት ጎን ለጎን የሚሰጠውም ስለዚሁ ነው። ይሁን እንጂ ካርታ ለወታደር ብቻ የተሰጠ አይደለም። የከተማ ነዋሪም መሠረት ከመቆፈሩ አስቀድሞ ሊመለከተው የሚገባ ካርታ አለው፤ እርሱም የከተማው ፕላን ነው።

ለዚህ ከጎረቤታችን ከካርቱም የበለጠ ምሳሌ አይገኝም። (ከዚህ በታች የካርቱም ዘመናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከ1898ቱ የኦምዱርማን ጦርነት በኋላ ከተማይቱን እንደገና ያስቀየሰው የእንግሊዙ ጄኔራል ኪችነር ነው። የመንገዶቹ አጣጣል የእንግሊዝን ሰንደቅ ዓላማ ይመስላል፣ መገናኛዎቹም ለመትረየስ እንዲመቹ ሆነው ተሠርተዋል ይባላል። እውነትም ይሁን አፈ ታሪክ፣ ከፕላን መስመር በስተጀርባ የአስማሪው ሐሳብ እንዳለ ያስገነዝበናል። ከዚያ ወዲህ ማክሊን፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ ግሪካዊው ዶክሲያዲስ፣ በ1970ዎቹና በ2008 ደግሞ ሜፊት የተባለው የኢጣሊያ ድርጅት በየተራ ፕላን አውጥተውላታል።

በካርቱም የመኖሪያ ቦታ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ደረጃ ተብሎ ተከፍሏል። ደረጃውም የቦታውን ስፋት፣ የቤቱን መሥሪያ ዓይነትና የኪራይ ውሉን ዘመን ሲወስን ኖሯል። እንግዲህ በካርታው ላይ የተቀባው ቀለም ጌጥ ሳይሆን ሕግ ነው። ቋሚ የመሬት መብት ያልነበራቸው የአሮጌው ዴም ነዋሪዎች በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ መጀመሪያ ተነሥተው ወደ አዲሱ ዴም ተዛውረዋል። ይህ ዴም ኋላ ብዙ ስደተኛ ወገኖቻችን የኖሩበት ሰፈር ነው። በ1970 የወጣው ሕግ ደግሞ ያልተመዘገበን መሬት ሁሉ የመንግሥት ንብረት አደረገው። ከአባት ከአያት ወርሼዋለሁ የሚል ሰው እንኳ ስሙ በመዝገብ፣ ወሰኑ በካርታ ካልሰፈረ መከራከሪያው የሳሳ ሆነ።

ፕላንን አለማወቅ ንብረትን ብቻ ሳይሆን ሕይወትንም ያስከፍላል። በኦገስት 1988 በካርቱም ላይ በአንድ ቀን ውስጥ ወደ 200 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዝናብ ወርዶ፣ በዝቅተኛ ስፍራና በጎርፍ መውረጃ ላይ የተሠሩትን የጭቃ ቤቶች ጠራርጎ ወሰደ። ውሃ የቀድሞ መንገዱን አይረሳም፤ የሚረሳው ሰው ነው።

ታዲያ ነዋሪው ካርታውን እንዴት ያንብብ? አስቀድሞ ፕላኑ የወጣበትን ዘመንና በሥራ ላይ ያለ መሆኑን ይጠይቅ፤ ያረጀ ካርታ ያዘመተ ጦር ገደል ይገባልና። ቀጥሎ ሰሜኑንና መለኪያውን አይቶ የራሱን ቦታ ከታወቀ መንገድ ወይም ወንዝ በመነሣት ያግኝ። ከዚያም የምልክቱን መግለጫ ተመልክቶ ቦታው ለመኖሪያ፣ ለንግድ፣ ለመንገድ ወይስ ለውሃ መውረጃ የተከለለ መሆኑን ይለይ። በመጨረሻም ካርታውን ከደንቡ ጋር ያስተያይ፤ ካርታ የት እንደሆነ ሲነግር፣ ምን እንደሚፈቀድ የሚነግረው ደንቡ ነውና።

ነገር ግን ኃላፊነቱን ሁሉ በነዋሪው ትከሻ ላይ መጫን ፍትሕ አይደለም። ፕላኑን በመሳቢያ ቆልፎ የያዘ መሥሪያ ቤት ሕዝቡን ደንብ ጣሰ ብሎ ሊከስ አይገባውም። ፕላን በአደባባይ ተለጥፎ፣ ሕዝብ በሚያውቀው ቋንቋ ተብራርቶ መታየት አለበት። በአገራችንም በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታ የመንግሥት ከሆነ ወዲህ የነዋሪው መብት የመጠቀም መብት ነው። የአጠቃቀሙን ልክ የሚያሳየው ፕላን ከተሰወረበት መብቱን በምን ያውቀዋል?

በኤፕሪል 2023 በፈነዳው ጦርነት ካርቱም ፈርሳለች። የሱዳን ጦር በሜይ 2025 የከተማይቱን ክፍለ ግዛት መቆጣጠሩን ካስታወቀ ወዲህ ተፈናቃዮች ወደ ፍርስራሹ ተመልሰዋል። ግድግዳው በወደቀበት፣ ጎረቤት በተበተነበት ስፍራ የአንዱን ወሰን ከሌላው የሚለየው ካርታና መዝገብ ነው። ከተማን የሚያቀና ሁሉ፣ ወታደርም ሆነ ሲቪል፣ ከአካፋው በፊት ካርታውን ያንሣ።